በየበሩ የታሰረው ቀይ ጥብጣብ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን ጉልበትዎን ያምዎት ነበር፤ ዘንድሮስ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቼን እርስዎ ቤት ካስቀመጥኩ ወዲህ ሲመሽ ፈጣሪን፣ ሲነጋ እርስዎን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ገበያዎን ያድምቅልኝ።

ይህን የምጽፈው ስለላክሁት ጥቅል ነው። ውስጡ ያለው የአየርላንዳውያን ተረት መጽሐፍ ነው፤ ከጽሑፉ ሥዕሉ ይበዛል። እኔ በምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ለልጆቹ የማነብላቸው እሱን ነው። አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። የሌላ ሰው ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ የራሴዎቹ ትዝ አሉኝና ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኔ። ከየሥዕሉ ስር ተረቱን በአማርኛ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። እርስዎ በየምሽቱ ያንብቡላቸው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ እኔ በስልክ አነብላቸዋለሁ። ያን ጊዜ እነሱም እኔም አንድ ገጽ ገልጠን አንድ ሥዕል እናያለን። የሕፃናት አስተዳደግ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ አንድን ነገር አብሮት የሚያይ ሰው ያለው ልጅ ከዚያ ሰው አይርቅም።

ሱቅ ዘግተው ደክሞዎት እንደሚገቡ አውቃለሁ። ግን አባታቸው ከሞተ፣ እኔም ከሄድኩ በኋላ ሌላ የምይዝበት ክር የለኝም። ሚጢጢ እኮ ስሄድ ገና መራመዷ ነበር። ታላቋን ዳኛዋንና እሷን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ

—

ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ጉልበቴ ያው ነው፤ ምርቃትሽም አልከፋም። ጥቅሉን ስከፍት ግን የጠበቅሁት የቆዳ መርፌ ነበር። ላኪልኝ ካልኩሽ ቆየ። እዚህ የሚመጣው መርፌ አንድ ሶል ሰፍቶ ሳይጨርስ ይሰበራል፤ ጫማ ሰፊዎቹ ደግሞ የሚሰድቡት የሠራውን ሳይሆን የሸጠችላቸውን ነው። መርፌ ይሆናል ብዬ ስቀደው ቀይ ጢም ያለው ድንክ ጥርሱን ገልጦ ሳቀብኝ።

ያልሽውን አድርጌያለሁ። የሱቁን የቀን ሂሳብ ከምጽፍበት ሰዓት ቀንሼ አነበብኩላቸው። ስለ መጽሐፉ ያየሁትን ደግሞ ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ።

አንድ ገበሬ በአጥር ጥግ ሲያልፍ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ጎንበስ ቢል ከጉልበቱ የማይበልጥ ሽማግሌ ተቀምጦ ጫማ ይሠራል። ይይዘውና "ወርቅህን የቀበርክበትን ካላሳየኸኝ አልለቅህም" ይለዋል። ድንኩ ወስዶ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ያሳየዋል። ገበሬው አካፋ አልያዘም። ስለዚህ ካልሲውን ያሰረበትን ቀይ ጥብጣብ ፈትቶ ቁጥቋጦውን ያስርበትና "ይህን ጥብጣብ እንዳትፈታ ማልልኝ" ይላል። ድንኩ ይምላል። ሰውዬው አካፋ ሊያመጣ ይሄዳል። ሲመለስ በሜዳው ላይ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ቀይ ጥብጣብ አስሯል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው የፖስታ የከፈልሽው? አንድ ጫማ ሰፊ እጁ የገባለት ሰው ወርቅ ይጠይቃል? "ከነገ ጀምሮ ለኔ ስፋ" ነው የሚባለው። ወርቁ ተቆፍሮ ያልቃል፤ ያ ሽማግሌ ግን ስንት ዘመን እንደሚሰፋ ማን ያውቃል። ሥዓሊውም ቢሆን ጫማ ከማድረግ ውጪ ስለ ጫማ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለድንኩ ያስያዘው የአናጢ መዶሻ ነው። እንኳን ቆዳ፣ ጣት ይጨፈልቃል።

አንብቤ ስጨርስ ዳኛዋ "ጥፋተኛው ማን ነው?" አለች። ስሟን ያወጣችላት ጎረቤት አልተሳሳተችም፤ ሳትፈርድ እንቅልፍ አይወስዳትም።

"ገበሬው" አልኳት።

"ምን አጠፋ?"

"ሄደ።"

"አካፋ ሊያመጣ እኮ ነው የሄደው።"

"የሚሄድ ሰው ሁሉ ሊያመጣ ነው የሚሄደው።"

ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ "ድንኩስ?" አለች።

"እሱ ምን አጠፋ? አትፍታ ተባለ፣ አልፈታም። ከዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ጭንቅላት ያለው እሱ ብቻ ነው።"

ሚጢጢ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ድንኩ ወርቁን ሳያሳይ ተኝታለች።

መርፌውን አትርሺ፤ ወፍራሙን ነው።

አክስትሽ

—

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅልኝ። መርፌውን ልኬያለሁ፤ ወፍራሙንም መካከለኛውንም።

ቶሎ ያልጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ይቀልለኝ ነበር። ስለተቀየምኩ ነው።

ባለፈው እሁድ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ደወልኩ። ከሥራ የምመለሰው ጉሮሮዬ ደርቆ ነው፤ ለእነሱ ግን ድምፄን አሳምሬ ጀመርኩ። ገበሬው ድንኩን እንደያዘው ዳኛዋ አቋረጠችኝ። "እንደሱ አይደለም፣ አታውቂውም" አለችኝ። "እንዴት ነው ታዲያ?" ስላት፣ ድንኩ "ቆዳውን ማን ያቀርባል?" ብሎ እንደሚጠይቅና ሰውዬው ተረከዙ ላይ እንደሚከራከር አስረዳችኝ። ተረከዝ! እንዲያነቡላቸው የላክሁት ተረት ውስጥ ስለ ተረከዝ አንድ ቃል የለም። ልቀጥል ስል ሚጢጢ "የእትዬን ንገሪኝ" አለች፤ የእርስዎን ማለቷ ነው። አልችለውም አልኳት። "እሺ ቻው" ብላ ስልኩን ለእህቷ ሰጠች።

አክስቴ፣ የሚጢጢን ድምፅ የምሰማው እሁድ ብቻ ነው። ያንን እሁድ በተረከዝ ቀሙኝ።

ነጋዴ መሆንዎን አከብራለሁ፤ በዚያ ነው ልጆቼ በልተው የሚያድሩት። ሁሉ ነገር ግን በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይመዘንም። ተረት ማለት ሰው ምን እንዳተረፈ የሚጠየቅበት አይደለም፤ ይህን እዚህ የሦስት ዓመት ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። እባክዎ የለጠፍኩትን ብቻ ያንብቡላቸው።

የእህትዎ ልጅ

—

ጥር 15

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። መርፌው ግሩም ነው። ያላችሁበት አገር መርፌ ያውቃል፤ ተረቱ ላይ ነው የሚደክመው።

የለጠፍሽውን አንብቢ ላልሽው፦ የለጠፍሽው የለም። ማስቲሽ ብለሽ የቀባሽው ነገር ውሃ ነው። ሚጢጢ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየላጠች የጨረሰቻቸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አንዱን አኝካው አፏ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ቀጥሎ የመጽሐፉ ጀርባ ተገነጠለ። እኔ በሶል ክር ሰፍቼ፣ በጫማ ማስቲሽ አጣብቄ፣ ሌሊቱን ከብረት የጫማ ቅርጽ ስር አሳደርኩት። አሁን ሲገለጥ እንደ አዲስ ጫማ ይንቋቋል። የውጭውን ፊደል አላነብም። ሥዕሉን እያየሁ የመጣልኝን እላለሁ፤ ለእኔ የሚመጣልኝ ደግሞ ቆዳና ተረከዝ ነው። የሕፃናት ባለሙያዎችሽ ሌላ የሚመጣላት አክስት ካላቸው ላኪልኝ።

እሁዴን ቀማኝ ያልሽውን ተረት ደግሞ ቢያንስ ስሚው። በእኔው ገበሬው አይሄድም። ጥብጣቡን ያስርና እዚያው ቁጥቋጦው ስር ቁጭ ይላል። ይዘንባል፤ ቁጭ ይላል። ሰው እያየው ይስቃል፤ ቁጭ ይላል። ድንኩ መቆሙ ሲሰለቸው ተቀምጦ ጫማውን መስፋት ይጀምራል፤ ገበሬውም ክር ያቀብለዋል። "ወርቁስ?" ብለው በየቀኑ ይጠይቁኛል። ወርቁን ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም እላቸዋለሁ። በዚህ ይስቃሉ። ለምን እንደሚስቁ አላውቅም።

መጽሐፉን ወደ መዋዕለ ሕፃናትም ወስደውት ነበር። መምህርቷ ልጆቹን ክብ ሠርታ አስቀምጣ "ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?" አለች አሉ። ራሷ ጠይቃ ራሷ "ስግብግብነት ጥሩ አይደለም" ብላ በኅብረት አስባለቻቸው። ዳኛዋ እጇን አውጥታ "ሰውዬው ስግብግብ አይደለም፣ ቂል ነው" አለች። እኔ ተጠራሁ። ሴትዮዋ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ "ልጅቷ እንዲህ ያለ ቃል ከየት አመጣች?" አለችኝ።

"ከመጽሐፉ" አልኳት።

"መጽሐፉ ውስጥ የለም እኮ።"

"ሥዕሉን ደህና አድርገሽ እይው።"

አየችው። ጉልበቴ አገጬ ላይ ደርሶ ስትገለብጥ ጠበቅኋት። ከዚያ ወዲህ አልጠራችኝም።

አሁን ወደ ዋናው። ወንድምሽ ትናንት ሱቅ መጥቶ ጫማ እየለካ "ልትወስዳቸው ነው አሉ" አለኝ። አንድ እግሩን አጥልቆ፣ አንዱን በካልሲ እንዳቆመ። ከእሱ መስማቴ አላስደነቀኝም፤ አንቺ ስለ ተረከዝ እንጂ እንዲህ ስላለው ነገር አትጽፊም። እውነት ከሆነ ንገሪኝ። ልጆች ዕቃ አይደሉም፤ መኪና በር ላይ ቆሞ አይነገራቸውም።

አክስትሽ

—

የካቲት 28

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

እውነት ነው። የጉዞ ወረቀታቸው አልቋል። ሰኔ ውስጥ እመጣለሁ፤ የማርፈው ስምንት ቀን ነው፤ ከዚያ ይዣቸው እመለሳለሁ። ያልነገርኩዎት እስኪያልቅ ብዬ ነው። ወንድሜ አፉን እንደማይዘጋ ረስቼ ነበር።

ለዋሉልኝ ውለታ ቃል የለኝም፤ ፈጣሪ ይክፈልዎ። ግን ልጅ ማሳደግና ልጅ ማቆየት ይለያያሉ። ይህን የምለው የሌላ ሰው ልጅ በማቆየት ስለምተዳደር ነው። ስንቱን አቅፌ ስንቱን አስተኝቻለሁ፤ አመሻሽ ላይ እናታቸው በሩን ስትከፍት ግን አንዱም ዞሮ አያየኝም። እንዲያ ነው መሆን ያለበትም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ቤት ቀይረዋል። በላኩልኝ ፎቶ ላይ የመንደሩ በር ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ልጆቹ በራቸው ላይ ቀይ ጥብጣብ እንዲያስሩ ያድርጉልኝ። እንደ ተረቱ። "እማዬ እሱን አይታ ነው የምታገኘን፣ እንዳትፈቱት አደራ ብላለች" ይበሉልኝ። ስልክና አድራሻ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ እንዳይስቁብኝ። በእጃቸው ያሰሩትን በር ላይ ሳይ እንደሚፈልጉኝ አውቃለሁ። ሌላ ማወቂያ የለኝም።

የእህትዎ ልጅ

—

ሚያዝያ 10

ለእህቴ ልጅ፣

ዘግይቻለሁ። መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ስለ ማቆየት የጻፍሽውን አነበብኩት። ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል፤ አጭርና ስል ነው፣ እንደላክሽው መርፌ። 

የላክሽኝን መልእክት ቃል በቃል ነገርኳቸው። ልትወስዳችሁ ነው አልኩ፣ ጥብጣብ እሰሩ አለች አልኩ፣ እንዳትፈቱ አደራ ብላለች አልኩ። የጫማ ካርቶን የማስርበትን ቀይ ጥብጣብ ከነጥቅሉ ሰጠኋቸው። ዳኛዋ "ሁሉንም መጠቀም እንችላለን?" አለች። የምትሠራውን እያወቀች የምትጠይቅ ልጅ መሆኗን ረስቼ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን ሂሳብ እያየሁ "እንደፈለጋችሁ" አልኩ።

ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ የመንደሩ ሰው በሙሉ ደጅ ቆሟል። ጡረተኛው ጎረቤታችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የበሩን እጀታ ይመረምራል።

"ምርጫ ነው?" ይላል። "ቤት ሊያፈርሱ ምልክት ያደረጉብን እንደሆነስ?"

"ቢሆንማ ያንተን ከሁሉ ቀድመው ያፈርሱት ነበር" ትለዋለች ካልሲ ሻጯ፣ ፊት ለፊታችን ያለችው። "እኔስ የሆነ ሰው የከጀለኝ መስሎኝ ፀጉሬን ተሠርቼ ወጣሁ። ለካ ለሁሉም ነው።"

ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በር ሁሉ ላይ ቀይ ጥብጣብ። የቆሻሻ መጣያው እጀታ ላይ ሳይቀር። የእኛም በር ላይ አለ፤ ከሌላው አይለይም።

ገብቼ ሁለቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጥኳቸው።

"አንቺ ነሽ?" አልኳት ዳኛዋን።

"አልፈታሁም።"

"ፈታሽ ወይ አላልኩሽም።"

"እማዬ እሰሩ አለች፤ አሰርን። አትፍቱ አለች፤ አልፈታንም።"

"የሰው በር ምን አደረገሽ ታዲያ?"

የመለሰችልኝ ሚጢጢ ናት፣ ዳቦዋን እያኘከች። "እንዳታገኘን ነው" አለች።

ይህን ልደብቅሽ እችል ነበር። አንድ መቀስና ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር፤ አንቺም መጥተሽ አንድ ጥብጣብ አይተሽ ደስ ይልሽ ነበር። እኔ ግን የተሰነጠቀ ሶል ጠቅልዬ ሸጬ አላውቅም፤ ለአንቺ ብዬ አልጀምርም። ጥብጣቦቹን አልፈታሁም። ልጆቹንም አላስፈታሁም፤ በቁጣ የሚፈታው በሩ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አሁን እኔን ስሚኝ፤ ባለሙያዎችሽን ለጊዜው ተያቸው። ያ ገበሬሽ ቂል የተባለው ጥብጣብ በማሰሩ አይደለም። ምልክት ጥዬ ብሄድ ሁሉም ነገር እንደተውኩት ይጠብቀኛል ብሎ ነው። መጽሐፍ ላክሽ፣ እሁድ ደወልሽ፣ ጥብጣብ አዘዝሽ፤ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ከሩቅ ነው። አሁን ደግሞ ስምንት ቀን ትያለሽ። በስምንት ቀን እኔ አዲስ ጫማ አላላምድም። ሚጢጢ በስምንት ቀን አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ አታውቅም፤ በዘጠነኛው ቀን አውሮፕላን ውስጥ ስታለቅስ የምትጠራው አንቺን አይሆንም። ያን ጊዜ ምን ልትሠሪ ነው? ልትደውዪልኝ?

ልጆችሽ ናቸው፤ ይህን ማንም አልካደሽም። ግን አካፋሽን ይዘሽ ነይ፣ ተመልሰሽ የምታመጪው ነገር አይኑርሽ። ነይና ቁጭ በይ። ቆዳ የማከማችበትን የጓዳውን ክፍል አስለቅቅልሻለሁ፤ ሽታው ካላስቀየመሽ።

አክስትሽ

—

ግንቦት 4

ይድረስ ለአክስቴ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት፤ ሕፃናቱ ተኝተው ነበር። ጨርሼ አጠፍኩትና ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ አንዷ ነቅታ "ለምን ፊትሽ ረጠበ?" አለችኝ። እቃ ሳጥብ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ አራት ዓመቷ ነው።

በእርስዎ ላይ መዓት ነገር ጽፌ ቀደድኩ። ዳኛዋን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፣ ድንኩን ያሞገሱላት እርስዎ ነዎት ብዬ። እውነትም ነው። ግን እኔ ባልሄድ ኖሮ የሚደበቁት ሰው አይኖርም ነበር፤ ቀድጄ የጣልኩት ለዚህ ነው።

አለቃዬን የክረምቱን ፈቃድ ጠየቅኋት። "ስምንት ቀን ነው ያልሽው" አለችኝ። ልጆቼ ናቸው አልኳት። "እዚህ ያሉትስ?" አለች። እነሱ ማታ ማታ የሚወስዳቸው ሰው አላቸው አልኳት። ፈቃዱን ከለከለችኝ፤ ሥራውን ለቀቅኩ። ሌላ ማቆያ አይጠፋም። ክረምቱን ሙሉ እቀመጣለሁ። የቆዳውን ሽታ አይስጉ፤ እናቴ ከሱቅዎ ስትመጣ ስትስመኝ የሚሸተኝ እሱ ነበር።

የእርስዎን ተረት ጽፈው ይላኩልኝ፤ እስክመጣ እሁድ እሁድ እሱን አነብላቸዋለሁ። ከተሳሳትኩ ዳኛዋ ታርመኛለች። ጥብጣቡን አያስፈቷቸው። በየበሩ አንኳኳለሁ።

የእህትዎ ልጅ

—

ሰኔ 3

ለእህቴ ልጅ፣

በሰላም ግቢ።

እሁድ ተረቱን ስታነቢ ከበስተኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዝናቡን ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽው። የተረከዙ ክርክር ላይ ግን ገበሬው ቶሎ ተሸነፈልሽ፤ እንዲያ የሚገዛ ሰው ቢመጣ ሱቄን አስፍቼ ነበር። ዳኛዋም "ትንሽ ይቀራታል" ብላ ፈርዳለች። ከእሷ አፍ ይህ ሲወጣ ምስጋና ነው።

ቆዳውን ከጓዳ አውጥቻለሁ። ሽታው አልወጣም።

ስልኩን በዘጋሽ ማግስት ሚጢጢ ከውጭ ገብታ በጭብጧ የያዘችውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቀይ ጥብጣብ ነው። "ከጡረተኛው በር ነው" አለች። ለምን አላልኳትም። እየጠቀለልኩ ካርቶኑ ውስጥ አኖርኩት። በማግስቱ ዳኛዋ እንዳላየች ሆና ሁለት ይዛ ገባች። "ቆሽሾ ስለነበር ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት። እንዲህ እንዲህ እያሉ የቆሻሻ መጣያውንም ፈቱት። ጡረተኛው የእሱ ለምን እንደተነሳ መጥቶ ጠየቀኝ፤ ለምዶት ነበር አሉ።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ በመንገዱ ላይ የቀረው የኛና የካልሲ ሻጯ በር ላይ ያለው ነው። የእሷን እስካሁን አልነኩትም፤ መቼ እንደሚፈቱት አላውቅም፣ አልጠይቅምም። እንዲያው ባይፈቱትስ? ሁለት በር ማንኳኳት ለአንቺም ቢሆን አይከብድም።

አክስትሽ